«ወላጅ አምጣ» ከማለታችሁ በፊት፦ የጉርምስና ዕድሜ ተማሪዎችን እንዴት እናስተምር፣ እንዴት እንደግፍ

አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበረኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ከምሳ በኋላ ይፎርፋል። እኔም እንደ ደንቡ «ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ» አልኩት። በማግስቱ አጎቱን ይዞ መጣ። ሽርጥ የታጠቀ፣ ትሑት ሰው። ልጁን ፊቴ ተቆጣው። ጆሮውን ሊቆነጥጥ ሁሉ እጁን ሰነዘረ። «ቲቸር፣ ከእንግዲህ ልጁ የእርስዎ ነው» ብሎኝ ሄደ። ጥሩ አጎት አለው ብዬ ረክቼ ክፍል ገባሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና ሳቁ ቀደመው። «አቦ ቲቸር! ያ ልጅ እንዴት ነው? እኔ እኮ ስሙንም አላውቀው። 50 ብር ሰጥቶኝ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ። ማታ ግን ሳቁ ለቀቀኝ። የልጁን እውነተኛ አጎት አላውቅም። ከማን ጋር እንደሚኖር አላውቅም። ከሰዓት የት እንደሚሄድም አልጠየቅሁትም። የማላውቀውን ልጅ ነበር ልቀጣ የተነሣሁት።

ከዚያ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር እየሞከርን፣ እየጣልን፣ እያነሣን ያቆየነውን አሠራር ነው ከታች የጻፍኩት። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ለምታስተምሩ፣ በተለይ ለስም ጠሪዎች፣ ለዩኒት ሊደሮችና ለርእሳነ መምህራን ነው። ድሬዳዋን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ሐረር ያላችሁ ሙቀቱን ቀንሳችሁ አንብቡት። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን ይበቃል። ጉልበት ግን የምር ይጠይቃል።

1. መስከረም ላይ ልጆቹን ተከፋፈሏቸው

ከዚህ በፊት ሌላ ነገር አትጀምሩ። እያንዳንዱ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሙን፣ ቤቱንና ጠባዩን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይኑረው። ስም ጠሪ አለ አይደል ትሉ ይሆናል። አለ። ግን 60 ልጅ ይዞ ስም ከመጥራት አልፎ የት ይደርሳል?

ስሌቱን እንሥራው። 10 ክፍል ቢኖር፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ፣ 600 ይሆናሉ። 30 መምህራን ካሉ ለአንዱ 20 ይደርሰዋል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን፣ የላብራቶሪ ቴክኒሻኑንና ዩኒት ሊደሮቹን ከጨመራችሁ ከ20 ይወርዳል። 20 ልጅ ደግሞ ማወቅ ይቻላል። በቀን ሁለት ልጅ፣ ለአንዱ 10 ደቂቃ ብታነጋግሩ በ10 የትምህርት ቀን ሁሉንም ታዳርሳላችሁ።

ክፍፍሉን በዕጣ አታድርጉት። ልጁ የሚመርጣቸውን ሦስት ሰዎች ይጻፍ፤ ከሦስቱ አንዱን ስጡት። ሴት መምህር የምትፈልግ ልጅ ትሰጣት። ጥቂት ልጆች ብቻ የሚመርጡት መምህር መኖሩ አይቀርም። በመጀመሪያው ዓመት እኔን የጻፉኝ አራት ልጆች ነበሩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን ስለራሴ ያን ያህል የነገረኝ ግምገማ ከዚያ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም።

ስታነጋግሩ ቢሮ አትጥሩ። ቢሮ መጠራት ልጅን ያስደነግጠዋል። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማችሁ፣ ወይም ወደ በር እየሄዳችሁ አውሩ። ደብተሩ ላይ ለአንድ ልጅ አንድ ገጽ ስጡ። ገጹ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦

ማታ ቤት ውስጥ እነማን አሉ? «አባትህ ምን ይሠራል?» ብላችሁ አትጀምሩ። አባት የሌለው ልጅ ያኔውኑ ይዘጋባችኋል። «ማታ እነማን ናችሁ?» ካላችሁ ግን አያቱም፣ አክስቱም፣ ጅቡቲ የሄደው ወንድሙም ራሳቸው ይመጣሉ።

ቤት የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው? ገንደ ቆሬ ያለ ልጅ፣ መጋላ ያለ ልጅና ከዚራ ያለ ልጅ ጨዋታቸው በአንድ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። በአማርኛ ሲቀልድ አይታችሁ በአማርኛ ያስባል ብላችሁ አትደምድሙ።

ከትምህርት በኋላ የት ነው የሚውለው? ቀፊራ ገበያ እናቱን ያግዛል? ኳስ ሜዳ ነው? ባጃጅ ያጥባል? ይህች ጥያቄ ብቻ የዓመቱን መቅረትና ማርፈድ ግማሹን ትነግራችኋለች።

ምን ይችላል? ሁሉም አንድ ነገር ይችላል። ስልክ መጠገን ይሁን፣ ቁርኣን መቅራት ይሁን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ይሁን ጻፉት።

የመጨረሻው ስልክ ነው። ቁጥሩን ከልጁ አትውሰዱ። ለምዝገባ ከመጣችው እናት ወይም አሳዳጊ ከራሷ ውሰዱ፤ እዚያው ደውላችሁ ኪሷ ውስጥ ሲጮህ ስሙ።

ብሔርና ሃይማኖት አትጻፉ። አይጠቅማችሁም። ደብተሩ በሰው እጅ ቢገባ ደግሞ ጣጣ ነው።

2. ፕሮግራሙን ከሰውነታቸውና ከሙቀቱ ጋር አስታርቁ

የዓለም ጤና ድርጅት የጉርምስና ዕድሜ የሚለው ከ10 እስከ 19 ያለውን ነው። ስለዚህ 8ኛ ክፍል ውስጥ ድምፁ ገና ያልጎረነነ የ13 ዓመት ልጅና ጢም ያበቀለ የ17 ዓመት ጎረምሳ አንድ ዴስክ ላይ ቢቀመጡ ሁለቱም በዚህ ዕድሜ ውስጥ ናቸው።

በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ግን እንቅልፍ የሚያመጣው የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ሰውነቱ አልተኛም ስላለ ነው የሚያመሸው። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በግንቦትና በሰኔ የቆርቆሮ ቤት እስከ እኩለ ሌሊት እሳት ነው። ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚተኛው ወዶ አይደለም። እኛ ደግሞ ሙቀቱን ሽሽት ደወሉን ማልደን እንደውላለን። እንግዲህ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፊታችሁ ያለው ግማሽ ሰው ነው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ የቀለጠ ሰው።

የሚጠቅሟችሁ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ያሉት ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። ሒሳብና ፊዚክስን እዚያ አስገቡ። ለሁሉም ክፍል ስለማይበቃ በየሁለት ሳምንቱ አዟዙሩ። ስፖርት መጀመሪያ ላይ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይሁን። ከምሳ በኋላ እጅ የሚያሠራ ነገር አድርጉ፦ ሥዕል፣ ቤተ ሙከራ፣ የቡድን ሥራ። ከምሳ በኋላ ኖት ማስገልበጥ አስተኝቶ ማስቀመጥ ነው።

ውኃ የያዘ ሃይላንድ ክፍል ውስጥ ይፈቀድ። «ሽንት ያበዛሉ» የሚል መምህር አለ። ይሽኑ።

ረመዳን ሲደርስ ስፖርቱን ወደ ንድፈ ሐሳብ ቀይሩ፣ ፈተና ከሰዓት አታድርጉ። ሌሊት ለሱሑር የሚነሣ ልጅ ጠዋት ቢያንቀላፋ አትገረሙ። የሁዳዴ ጾመኞችንም አትርሱ፤ ቁርስ ሳይበሉ የሚውሉ አሉ።

3. ክፍለ ጊዜውን ቆራርጡት

40 ደቂቃ ሙሉ ቆሞ ማስረዳት ለእናንተም ለእነሱም ቅጣት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ደብተር ይዘጋል። ካለፈው ትምህርት ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በቁራጭ ወረቀት ይጽፋሉ። የተማሩትን ከጭንቅላት አውጥቶ መጻፍ ደብተር ደጋግሞ ከማንበብ የበለጠ ያስቀራል። ማርክ ግን አትስጡበት። ማርክ የገባ ዕለት ኩረጃም ይገባል። ቀጥሎ 12 ደቂቃ ማስረዳት። ከዚያ 15 ደቂቃ የጥንድ ሥራ። በቀረው 8 ደቂቃ ሁለት ጥንዶች ሰሌዳ ላይ ወጥተው ያሳያሉ፤ ስሕተታቸውን ክፍሉ ያርማል።

ጥንድ ያልኩት አውቄ ነው። አንድ ለአምስት የሚባለውን የተማሪዎች ቡድን ሞክረነዋል። አንዱ ሠርቶ የቀሩት ይገለብጣሉ። ሁለት ሰው ሲሆን መደበቂያ የለም።

የቋንቋውን ነገር ጠበቅ አድርጉት። 9ኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስከዚያ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ «ቬሎሲቲ» ሲባል የሚደነግጠው ከሐሳቡ አይደለም፣ ከቃሉ ነው። ጥንዶቹን አንድ ቋንቋ የሚናገሩ አድርጓቸው። በአፍ መፍቻቸው ይከራከሩ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ ይጻፉ። «በክፍል ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ካለ አንሡት። ያ ወረቀት ያስተማረው ዝምታ ብቻ ነው።

ምሳሌውን ከደጃቸው አምጡ። ፍጥነት ስታስተምሩ ባቡሩ አለላችሁ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለመንገደኛ ባቡር የታሰበው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሳይቆም ቢከንፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? አካፍለው ይነግሯችኋል። ከዚያ «ታዲያ በእውነት ለምን ከዚያ በላይ ይፈጃል?» በሏቸው። ክፍሉ ይነሣል። አንዱ ጣቢያ ይላል፣ አንዱ ዳገት፣ አንዷ «ቲቸር፣ ግመል!» ትላለች። አማካይ ፍጥነትን አስተማራችሁ ማለት ነው።

ታሪክ የምታስተምሩ ከሆነ ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ድሬዳዋ የተቆረቆረችው። ለምን ሐረር አልወጣም? ይህን ጠይቋቸውና ወደ ደንገጎ ዳገት በመስኮት ጠቁሙ። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

ጂኦግራፊ ከሆነ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አለ። ብዙውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ክረምት ግን ከደጋው የወረደ ዝናብ ሌሊት ሞልቶት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ እንዴት ሊመጣ ይችላል የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከማንሣታችሁ በፊት ግን ደብተራችሁን ግለጡ። በዚያ ሌሊት ሰው የቀረባቸው ቤተሰቦች ልጆች ክፍላችሁ ውስጥ ይኖራሉ።

4. ልጅ ሲያጠፋ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ይህን የመምህራን ክፍል ውስጥ ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። «እኛስ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» ይላሉ። እኔም ተገርፌአለሁ። የገረፈኝን መምህር መልክ አስታውሳለሁ። ምን ትምህርት እንዳስተማረኝ ግን ጠፍቶብኛል።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ሦስት ቀን በተከታታይ ክፍል ውስጥ ተኛ። በሦስተኛው ቀን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። ግንቦት ነበር። 10 ደቂቃ ብዬ ነው፤ ማስተማር ስጀምር ረሳሁት። ደወል ተደውሎ ስወጣ እንደተንበረከከ ነው። ጉልበቱ ላይ ጠጠር ተሰክቷል። አላለቀሰም። ኋላ እንደሰማሁት ልጁ ሌሊት ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው፤ ከዱቄቱ ላይ ተነሥቶ ነው በቀጥታ የሚመጣው። ዓይኔን አይቶ ለማውራት አንድ ሴሚስተር ፈጅቶበታል።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው።

ሰው ፊት አንጋጠምም። በዚህ ዕድሜ ጓደኛ ፊት መዋረድ ከዱላ ይብሳል። ጎረምሳ ሴቶች ፊት ከሰደባችሁት የሚመልሰው ለእናንተ አይደለም፣ ለእነሱ ነው። ስለዚህ ጠጋ ብላችሁ በዝግታ «ከደወል በኋላ እፈልግሃለሁ» በሉና ማስተማራችሁን ቀጥሉ።

ነገሩን ለማግስቱ አታሳድሩ። ሲያድር እናንተም ትረሳላችሁ፣ እሱም ታሪክ ያሳምራል።

ብቻውን ስታገኙት ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? እንዴት ታስተካክለዋለህ? «ለምን?» የሚለውን ተዉት። ነገን አስቦ ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። ለምን እንዳደረገው ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም። ለምን ስትሉት ወይ ይዋሻል ወይ ይዘጋል።

ማስተካከያው ከጥፋቱ ጋር የሚገናኝ ይሁን። ዴስክ የሰበረ ከአናጢው ጋር ዴስክ ይጠግናል። ሲረብሽ ክፍለ ጊዜ ያቃጠለ ያንን ርዕስ አዘጋጅቶ 10 ደቂቃ ያስረዳል። ሽንት ቤት ማጽዳትን ግን ቅጣት አታድርጉት። ንጽሕናን ውርደት አድርጋችሁ ካስተማራችሁ በኋላ ስለ ንጽሕና ብትሰብኩ የሚሰማችሁ የለም።

ወላጅ የሚጠራው ያው ጥፋት ሦስተኛ ሲሆን ነው። ያኔም ልጁን «አምጣ» አትሉትም። ራሳችሁ ትደውላላችሁ። መስከረም ላይ ቁጥሩን ከኪሷ ሲጮህ የሰማችሁት ለዚህ ነው። ድብድብ፣ ስለት ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ ከሆነ ሦስት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይደወላል።

እናንተ ስትሳሳቱ ደግሞ ይቅርታ ጠይቁ። ያዋረዳችሁት ሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን። ዳቦ ቤት የሚሠራውን ልጅ ይቅርታ የጠየቅሁት በሰልፍ ላይ ነው። ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር።

5. ቁምሳጥኑ

የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ማለትም በእኛ እጅ እያሉ። አንዲት ልጅ በወር ሦስት ቀን ብትቀር በ9 ወር 27 ቀን ነው። ከአምስት ሳምንት ትምህርት በላይ አለፋት ማለት ነው። ከዚያ «ሴቶቹ ሒሳብ አይወዱም» እንላለን።

ቁምሳጥኑ ውስጥ የሚገባው፦ ሞዴስ፣ አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙና፣ ፎጣ፣ ሁለት ትርፍ የዩኒፎርም ጉርድ፣ ጥቁር ፌስታል። መድኃኒት አታስገቡ፤ እሱ የጤና ባለሙያ ሥራ ነው። ቁልፉ አንድ መምህርት ጋ፣ ሌላው የሴቶች ክበብ ሰብሳቢዋ ጋ ይሁን። ርእሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ እንደሌለ ቁጠሩት።

ደንቡ አጭር ነው። አንዲት ልጅ «ክበብ ልሂድ» ካለች ትሄዳለች። ለምን አይባልም። የሚስቅ ወንድ ካለ ሣቁን ተራ ቁጥር 4 ላይ ያልኳችሁ መንገድ ይፈታዋል።

የሽንት ቤቱ በር መቀርቀሪያ ከሌለው ግን ቁምሳጥኑ ዋጋ የለውም። ከሞዴሱ በፊት መቀርቀሪያ ግዙ። ውኃ ሲጠፋ አንድ በርሜል ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ በርሜሉ ይከደን። ክዳን የሌለው በርሜል ድሬ ላይ ትንኝ ማርባት ነው፤ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማውን ሲያስተኛ ሁላችንም አይተናል።

ወንዶቹንም አትርሷቸው። ድምፃቸው ሲጎረንን፣ ሌሊት ልብሳቸው ሲረጥብ በሽታ የያዛቸው የሚመስላቸው አሉ። የሚጠይቁት ሰው ስለሌለ ስልክ ላይ ያገኙትን ያምናሉ። የባዮሎጂ መምህሩ ወንዶቹን ብቻ ይዞ፣ መምህርቷ ሴቶቹን ይዛ፣ በሴሚስተር ሁለት ጊዜ ይነጋገሩ። አንድ ካርቶን ቀዳዳ አውጡለትና የጥያቄ ሣጥን አድርጉት፤ ስም አይጻፍም። በመጀመሪያው ሳምንት ቀልድ ነው የሚገባው። ቀልዱንም አንብቡላቸው፣ አብራችሁ ሳቁ። በሁለተኛው ሳምንት እውነተኛው ጥያቄ ይመጣል።

6. የሦስት ቀን ደንብ

በቀረበት የመጀመሪያ ቀን ጓደኛውን ጠይቁ። በሁለተኛው ደውሉ። በሦስተኛው በእግራችሁ ሂዱ። ሳቢያን ይሁን ለገሃሬ፣ በባጃጅ ሩቅ አይደለም። የሚሄደው ልጁን የያዘው ሰው ነው፤ ክፍፍሉ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከመጮህ ሌላ የማያውቁት መምህር ቤታቸው ድረስ ሻሂ ሊጠጣ ሲመጣ ልጁ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ ነው የሚያወራው።

የቀረችው ሴት ልጅ ከሆነች አትዘግዩ። አንዳንዴ ታማ ነው፣ አንዳንዴ ታናናሾቿን ልትጠብቅ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሽማግሌ ተልኮ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ለወንድም ለሴትም የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ይህን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከወላጅ መምህር ኅብረት አንዲት የተከበረች እናት ይዛችሁ ሂዱ። እናት ለእናት ስትናገር የሚሰማው ሌላ ነው። እምቢ ካሉ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው።

ከሰዓት ብቻ የሚቀር ወንድ ከሆነ ስለ ጫት አስቡ። በዚህ አገር ስለ ጫት መስበክ ከባድ ነው። አባቱ ይቅማል፣ አጎቱ ይነግዳል፣ ዩኒፎርሙ የተገዛው በጫት ብር ሊሆን ይችላል። «ጫት ርኩስ ነው» ካላችሁት የሰደባችሁት ቤቱን ነው። እኔ የማወራው ስለ እንቅልፍና ስለ ጥናት ነው። ልጆቹ «ምርቃና ላይ ይገባኛል» ይላሉ። እሺ እላለሁ። ማታ ያጠናኸውን ነገ ጠዋት ደብተር ዘግተህ ጻፍልኝ እለዋለሁ። ሁለት ገጽ አነበብኩ ያለው ልጅ ሦስት መስመር ሲጽፍ ራሱ ይገርመዋል። ሌሊት አልተኛም፤ ያልተኛ ጭንቅላት ደግሞ አይዝም። ከዚያ ከሰዓት የሚሠራው ነገር ስጡት። ሚኒ ሚዲያው ሰው ይፈልጋል፣ የኳስ ቡድኑ ሰው ይፈልጋል። እንደ መግቢያው ልጅ ወላጅ በብር መከራየት የሚችል ጭንቅላት ያለውን ደግሞ የቲያትር ክበብ አስገቡት። እኛ አስገብተነዋል። አጎት ሆኖ ተውኗል።

7. ወላጆችን በደግ ነገር ጀምሩ

ወላጅ ከትምህርት ቤት ስልክ ሲደወልለት ልቡ የሚደነግጠው ለደግ ደውለንለት ስለማናውቅ ነው። እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከ20ዎቹ ልጆቻችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ለጥሩ ነገር ደውሉ። «ዛሬ ሒሳብ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠራች፣ ይህን ልነግርዎ ነው» ማለት አንድ ደቂቃ ነው። አንዲት እናት ታይዋን ገበያ ላይ ሆነው ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ደግመው አስብለውኛል። ጎረቤት ነጋዴዎቹ እልል አሉ።

ስብሰባውን በገበያ ሰዓት አታድርጉ። በሦስቱም ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው ይኑር፤ ተማሪ አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ ስለራሱ ጥፋት ሲተረጉም ምን እንደሚል እናንተም ታውቃላችሁ።

8. ፈተና

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር 8ኛ ክፍል ላይ ማስፈራሪያ ሲያደርጉት እሰማለሁ። አትጠቀሙበት። የሚፈራ ልጅ ወይ ይኮርጃል ወይ ይተወዋል። ይልቅ የ8ኛ ክፍል ፈተና ሦስት ወር ሲቀረው በየሳምንቱ ሐሙስ ያለፉትን ዓመታት 10 ጥያቄ ስጡ፤ ከአንድ ምዕራፍ ሳይሆን ከየምዕራፉ የተቀላቀለ። ዓርብ የተሳሳቱትን ብቻ በጥንድ ይሥሩ። በቃ።

9. ከአቅማችሁ በላይ ሲሆን

መሞት እፈልጋለሁ ያለ ልጅ፣ ሰውነቱ ላይ ቁስል የሚደብቅ ልጅ፣ ድንገት ዝም ያለችና ወደ ቤት መሄድ የፈራች ልጅ። እነዚህን በምክር ብቻ አትያዟቸው። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። «የምነግረው ሊረዳህ ለሚችል ሰው ብቻ ነው፤ ስነግርም ታውቃለህ» በሉ። በዚያው ቀን ርእሰ መምህሩ ይወቅ። ለሕመም ጤና ጣቢያ፣ ለጥቃት የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮና ፖሊስ። አብራችሁ ሂዱ። ወረቀት ሰጥቶ «ሂጂ» ማለት ድጋፍ አይደለም። ጥቃት አድራሹ የቤት ሰው ሊሆን ስለሚችል ቤት ከመደወላችሁ በፊት ቆም በሉ።

የእነዚህን ስልክ ቁጥሮች የምትፈልጉት ያኔ አይሁን። መስከረም ላይ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው።

10. ሰኔ ላይ

ካርድ ከተሰጠ በኋላ ልጁን ለሚቀጥለው ዓመት ለሚይዘው ሰው ደብተሩን እንዳለ አታስረክቡ። ለአንድ ልጅ ሦስት መስመር ብቻ በንጹሕ ወረቀት ገልብጡ፦ ምን ይችላል፣ ምን ይረዳዋል፣ ማን ጋ ይደወላል። ያለፈ ጥፋቱ አይተላለፍ። 9ኛ ክፍል ሲገባ አዲስ ሰው ሆኖ ይግባ።

የቀረው ገጽ፣ የነገሯችሁ ምስጢር ሁሉ፣ ይቃጠላል። እኔ ሰኔ መጨረሻ ላይ ግቢ ቁጭ ብዬ አንድ አንዱን እያነበብኩ ነው ከሰል ላይ የምጥለው። ሻሂው በሱ ይፈላል።